ዓርብ ማለት እሑድ ነው

ዋን ማዝናህ የበጎ አድራጎት ቢሮውን በር ልትከፍት ስትመጣ ፖክ ዴራማን ቀድመዋት ደጃፉ ላይ ቆመዋል። በአንድ እጃቸው የላስቲክ ከረጢት፣ በሌላው አንድ ዘለላ ሙዝ ይዘዋል። ቀኑ እሑድ ነው፤ ዓርብና ቅዳሜ ሲያርፍ የቆየው የጉዋ ሙሳንግ ከተማ ሱቁንም ቢሮውንም የሚከፍትበት፣ ሰው ሁሉ የሳምንቱን ጉዳይ ይዞ የሚጎርፍበት ቀን።

«ሞላልኝ፣ ናህ!» አሉ ሽማግሌው ስሟን አቆላምጠው፣ ከረጢቱን ከፍ አድርገው። «የደም ምርመራው ውጤት ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣ። ስመጣ ዘግታችኋል። ይኸው፣ የሐኪሙ ደብዳቤ አለ፣ የመንደሩ ሹም ማኅተም አለ፣ የልጄ ፊርማ አለ። የቀረ የለም።»

«እስከ ሐሙስ ይጨርሱ ብዬዎት አልነበር፣ ፖክ?» አለች ማዝናህ፤ በዚያ አገር ሽማግሌን «ፖክ»፣ አሮጊትን «ሞክ» ብሎ መጥራት ወግ ነው።

«ብለሽኛል። ወረቀትሽ ግን ዓርብ ይላል። ዓርብ ማለት ደግሞ እሑድ ነው፤ ተሳሳትኩ?»

አልተሳሳቱም። ጉዋ ሙሳንግ ባለችበት በክላንታን ግዛት ዓርብ የጁምዓ ቀን ነው፤ ማኅተም የሚመታ እጅ የለም። የጉዳይ ማብቂያ ዓርብ ላይ ከወደቀ እሑድ ጠዋት ይዞ መምጣት ከማዝናህ አያት ዘመን ጀምሮ የኖረ ነው። የመሬት ቢሮው እንዲህ ነው፣ ፖስታ ቤቱ እንዲህ ነው፣ ትምህርት ቤቱም እንዲሁ። ማንም ተቀምጦ ሕግ አላወጣለትም፣ ማንም ግን አይስተውም።

ማዝናህ ኮምፒውተሩን ከፈተች። የሽማግሌውን ስም ስትጽፍ አረንጓዴ መሆን የነበረበት ገጽ ቀይ ሆኖ ወጣ። «ጊዜው አልፏል» ይላል። ከሥሩ ደግሞ በትንንሽ ፊደል፦ «ወንበሩ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ለቀጣዩ ተጠባባቂ ይተላለፋል።»

ወንበሩ የኩላሊት እጥበት ወንበር ነው። ተላጋ ቡዲ የሚባለው በጎ አድራጎት ድርጅት በዚህች ከተማ ስድስት ወንበር አለው፤ ለስድስቱ ወንበር የሚጠባበቀው ሰው ስም ግን ሁለት ገጽ ሞልቶ ይተርፋል። ፖክ ዴራማን ሁለት ዓመት ጠብቀዋል። እስከዚያው በሳምንት ሦስት ቀን ጎህ ሳይቀድ በባቡር እጥበት ወዳለበት ወደ ኩዋላ ክራይ ከተማ ይወርዳሉ፣ ደማቸው ታጥቦ፣ ጉልበታቸው ተሟጦ ሲመሽ ይመለሳሉ። ባለፈው የዝናብ ወር ከባቡር ሲወርዱ እግራቸው ከድቷቸው ሐዲዱ አጠገብ ወድቀው ነበር። ሐኪሙ እንዲህ እየተመላለሱ ሌላ ዓመት አይችሉም ብሏል። ስድስተኛው ወንበር ባዶ ሲሆን ተራው የእሳቸው ሆነ። የቀራቸው በአሥር የሥራ ቀን ውስጥ ወረቀታቸውን ማስገባት ብቻ ነበር።

«ምን ይላል?» አሉ ፖክ ዴራማን፣ መነጽራቸውን ስላልያዙ።

«ዘግይተዋል ይላል።»

ሽማግሌው ሙዙን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ከጓሯቸው የቆረጡት ነው፤ ለኩላሊታቸው ስለተከለከለ እሳቸው ከቀመሱት ቆይተዋል። «እንግዲህ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ላብራቶሪው ደጃፍ ማደር ነበረብኝ። እርጅና እኮ ነው፣ ናህ። ቀን ይጠፋብኛል።»

ይህ ንግግር ማዝናህን የት እንደነካት እሷም አላወቀችም። ይህንኑ ነገር ከሌላ ሰው አፍ፣ እዚሁ ጠረጴዛ ፊት የሰማችው መሰላት። ለማስታወስ ግን ፋታ አላገኘችም፤ ደሟ ፈልቷል።

ታማሚ የሚመዘግበው ይህ አፕ የመጣው ባለፈው ዓመት ነው። በዋና ከተማው በኩዋላ ላምፑር፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ያለ ሃዝሪክ የሚባል ወጣት ኃላፊ በሁለት ሳምንት ገጣጠመው። ኮድ መጻፍ የማያውቅ ሰው እንኳ ሳጥን ከሳጥን እያያያዘ፣ መሃል መሃል አንድ አንድ መስመር ቀመር እየጻፈ የሚሠራው ዓይነት ነው። ገጹ ላይ ትንሽ ካላንደር አለች። ታማሚው ደብዳቤውን ተቀብሎ የፈረመበትን ቀን ትነካለህ፤ አፑ አሥር የሥራ ቀን ራሱ ይቆጥርና የመጨረሻውን ቀን ይጽፍልሃል። ከዚያ ቀን በኋላ ይቆለፋል፤ ለምኖ የሚያስከፍተው የለም። ሃዝሪክ ይህንን የተናገረው በኩራት ነበር። «ልመና የለም፣ አድልዎ የለም» ብሎ ነበር፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው አጨብጭቦለት።

ከአፑ ጋር ትእዛዝ መጣ፦ የወረቀት መዝገብ ይቅር፣ የግድግዳ ካላንደርም ይውረድ። ማዝናህ የፈረስ ካላንደሯን አወረደች፤ ግን አልጣለችውም። የእሽቅድምድም ቀን በፈረስ ሥዕል የሚታይበት፣ ፈረስ ሲሮጥ አይቶ የማያውቀው ሰው ሁሉ ግን እቤቱ የሚሰቅለው ያ ትልቅ ካላንደር ነው። በያመቱ አዲሱን እየገዛች ከቁም ሳጥኑ በር ጀርባ ትለጥፈዋለች።

አሁን ሄዳ ቁም ሳጥኑን ከፈተች።

«ፖክ፣ መቼ ነበር የፈረሙት?»

«እሑድ ነዋ። ያ ጎርፍ የወረደ ዕለት። ራስሽ አይደለሽ ያስፈረምሽኝ?»

ማዝናህ ጣቷን በማግስቱ ላይ አሳረፈች። ሰኞ አንድ፣ ማክሰኞ ሁለት፣ ረቡዕ ሦስት፣ ሐሙስ አራት። ዓርብ ላይ ጣቷ ቆመ። ዘለለችው፤ ቅዳሜንም ዘለለች። እሑድ አምስት፣ ሰኞ ስድስት፣ ማክሰኞ ሰባት፣ ረቡዕ ስምንት፣ ሐሙስ ዘጠኝ። ዓርብን ዘለለች፣ ቅዳሜን ዘለለች።

እሑድ፣ አሥር። ዛሬ።

ከላይ ጀምራ ደግማ ቆጠረች፤ አሁንም ዛሬ ሆነ። ሽማግሌው በአንድ ሰዓት እንኳ አልዘገዩም። አፑ ቢሮው የተዘጋበትን ዓርብ ሁለት ጊዜ የሥራ ቀን ብሎ ቆጥሮባቸዋል፤ ሰው በር ላይ ተሰልፎ የዋለበትን እሑድ ደግሞ ዕረፍት ብሎ ዘሎታል። ሰኞ የፈረመ ሰው ቢሆን ኖሮ የበዛው ዓርብና የጎደለው እሑድ ተካክሶ ቀኑ ልክ ይመጣ ነበር። ማክሰኞም፣ ረቡዕም፣ ሐሙስም እንደዚያው። የሚጎዳው እሑድ የፈረመ ብቻ ነው። ዓመት ሙሉ ነገሩ ያልታወቀው ለዚህ ነው።

«እንዴት ያለ ዕብደት ነው!» አለች ጮክ ብላ። «የማይሠራበትን ቀን ቆጥሮ የሚሠራበትን የሚዘል!»

«ማን ነው ያበደው?» አሉ ፖክ ዴራማን።

«ይቀመጡ፣ ፖክ። እዚያች አግዳሚ ላይ ይቀመጡ። ዛሬ እዚህ ነው የምንውለው።»

ስልኳን አንስታ ለሃዝሪክ ደወለች። ሦስት ጊዜ ጮኸ፤ አራተኛው ላይ ከበሮና የሰው ጫጫታ ተቀላቅሎ መጣ።

«ካክ ማዝ፣ ታላቋ እህቴ! ምነው በደህና? የአክስቴ ልጅ ሰርግ ላይ ነኝ፣ ከበሮው ይሰማሻል?»

«ኤንቼ ሃዝሪክ፣ ጌታዬ፣ በዕረፍት ቀንዎ ስለደወልኩ ይቅርታ። አፑ አንድ ታማሚ ቆልፎብኛል። ሰውየው ግን አልዘገዩም፤ ቀኑን የሚቆጥረው ተሳስቶ ነው።»

«ካክ፣ ሲስተሙ ከዘጋ ሰውዬው ዘግይቷል ማለት ነው።»

«እዚህ ዓርብ አይሠራም። እሑድ ነው የሚሠራው። ሥልጠናው ላይ እጄን አውጥቼ ጠይቄዎታለሁ።»

«አስታውሳለሁ፣ አስታውሳለሁ! ሁለተኛው ዙር ማሻሻያ ላይ መዝግበነዋል።»

«ሁለተኛው ዙር መቼ ነው?»

«እሱ በጀት ሲፈቀድ ነው። ነገ ቢሮ ስገባ ጻፊልኝ፣ አየዋለሁ።»

«ስንት ሰዓት ይገባሉ?»

«ሦስት፣ ሦስት ተኩል። የመንገዱን መጨናነቅ ታውቂዋለሽ።»

«ወንበሩ እኮ ሁለት ሰዓት ላይ ነው ለሌላ የሚሄደው!»

«ታዲያ ቀጣዩም ታማሚ አይደል? ባዶ አይቀርም።» ሃዝሪክ አፉ ውስጥ የሚያላምጠው ነገር ነበረው። «የናንተ ነገር ደግሞ፣ ካክ! አትቆጪኝና፣ ዓለም ሁሉ እሑድ ሲያርፍ እናንተ ብቻ...»

ማዝናህ «እርስዎ» የሚለው ቃል ከአፏ ወጥቶ ሲሄድ ታወቃት።

«ስማ አንተ! የማን ዓለም? ለአንተ ዓለም ማለት ከቢሮህ እስከ ሰርግ ቤቱ ነው። እዚህ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። በሳምንት ሦስት ቀን በባቡር ተመላልሰው ሞት አፋፍ ላይ ናቸው። ቀኑን ጣታቸው ላይ ቆጥረው በቀኑ መጥተዋል። አንተ ዲግሪህን ይዘህ እስከ አሥር መቁጠር አቃተህ!»

ከስልኩ ወዲያ አንድ ሰው ሃዝሪክን በስሙ ጠራው።

«ካክ፣ ሩዙ ቀርቧል፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው» አለ ሃዝሪክ በቀዘቀዘ ድምፅ። «ነገ እንነጋገራለን።» ዘጋባት።

ማዝናህ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ስትወረውረው ፖክ ዴራማን ከአግዳሚው ብድግ አሉ። «ተይው፣ ልጄ። ለኔ ብለሽ እንጀራሽን አትድፊ። ባቡሩን ለምጄዋለሁ።»

«ይቀመጡ አልኩዎት!»

ተቀመጡ።

ሥልጠናው ሁለት ቀን ነበር። በሁለተኛው ቀን ከየቅርንጫፉ ለመጣው ሰው ሁሉ «የቅርንጫፍ ገንቢ» የሚል ምስክር ወረቀት ሰጡ፤ የሪፖርቱን ሥዕል በየጊዜው እንዲለውጡ ብለው የአፑን ጓዳ የሚከፍት ፈቃድም ጨመሩላቸው። ማዝናህ ጓዳውን ከዚያ ወዲህ አንድ ቀንም ከፍታው አታውቅም። ፈቃዱን ግን የነጠቃት የለም። ደብተሯን ከመሳቢያ አወጣችና ገባች።

ግማሽ ሰዓት ፈጀባት እንጂ አገኘችው። ትንሿ ካላንደር ጀርባ የተደበቀ አንድ መስመር ቀመር ነው። እሑድን አንድ ብሎ፣ ቅዳሜን ሰባት ብሎ ቀኖቹን በቁጥር ይጠራል፤ ከዚያም አንድንና ሰባትን ዝለል ይላል። በቃ። የሰው ነፍስ የሚቆልፈው ነገር ይህችው ናት።

አንድን ሰርዛ ስድስት ጻፈች። የፖክ ዴራማን ገጽ ወዲያው አረንጓዴ ሆነ። «እሰይ!» ብላ ልታጸድቀው ስትል ከታች የሌሎቹን ቅርንጫፎች ዝርዝር አየች። በሌላ ግዛት፣ ኢፖህ ከተማ ያለች አንዲት ሴት፣ ከትናንት በስቲያ ዓርብ በአሥረኛ ቀኗ ወረቀቷን አስገብታ አረንጓዴ የነበረች፣ አሁን ቀይ ሆናለች። እዚያ ዕረፍቱ ቅዳሜና እሑድ ነው። ማዝናህ እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች። ሃዝሪክ ፖክ ዴራማንን ያደረጋቸውን እሷ የኢፖህን ሴትዮ ልታደርጋት ነበር። ተናደደች፤ አሁን ግን በራሷ። ስድስትን አጥፍታ አንድን መለሰች።

ቅርንጫፉ ዓርብ በሚያርፉት ግዛቶች፣ በክላንታን፣ በትሬንጋኑ ወይም በከዳህ ከሆነ ስድስትና ሰባትን ዝለል፤ ካልሆነ አንድንና ሰባትን። በቃል ሲሉት ቀላል ነው። ጽፋ ስትጨርስ ከሥሩ ቀይ መስመር ተሰመረበት። ቅንፍ ጎድሏል። ጨመረች፤ አሁን ደግሞ በዛ። ባለጉዳይ በመጣ ቁጥር ተነሥታ እያስተናገደች፣ ተመልሳ እየተቀመጠች፣ ቅንፍ እየቆጠረች ምሳ ሰዓት አለፈ። ፖክ ዴራማን ከፊት ለፊቱ ሱቅ በቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ በዓሣ ገዝተው አመጡላት። ለራሳቸው ጥቂት ብቻ ነበር የያዙት፤ ውኃም በልክ ነው የሚጠጡት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቀዩ መስመር ጠፋ። የኢፖኋ ሴትዮ አረንጓዴ ናት። ፖክ ዴራማንም አረንጓዴ ናቸው፤ የመጨረሻ ቀናቸው «እሑድ» ይላል። ማዝናህ አጸደቀችው። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ በስካነር አስገባች። ሊዘጋ አሥር ደቂቃ ሲቀረው «ወንበር ስድስት ተይዟል» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

«ተይዟል፣ ፖክ። የእርስዎ ነው።»

«አልሃምዱሊላህ» አሉ ሽማግሌው። ጥቂት አሰቡና፦ «እንግዲያ አልዘገየሁም?»

«አልዘገዩም። በቀንዎ ነው የመጡት።»

«እስቲ ይህንኑ በወረቀት ጻፊልኝ። ባለቤቴ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ አኩርፋኛለች።»

ማዝናህ ሳቀች። ማኅተም ያለበት ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠቻቸው፤ እንደ ዲፕሎማ አጥፈው ኪሳቸው ከትተው ወጡ።

ኮምፒውተሩን ልትዘጋ ስትል ነው ዝርዝሩን ያየችው። ቀመሩ ሲስተካከል አፑ የዓመቱን ሁሉ መልሶ ቆጥሯል። «ጊዜው አልፏል» ከሚለው መዝገብ ውስጥ ሰባት ሰዎች ተለይተው ወጥተዋል፤ ሰባቱም እሑድ ፈርመው እሑድ የመጡ፣ በአሥረኛው ቀናቸው የተመለሱ። ስድስቱ የትሬንጋኑና የከዳህ ሰዎች ናቸው። ሰባተኛዋ ከራሷ ቅርንጫፍ ናት። ከልሶም ቢንቲ ኤምቦንግ።

ያን ጊዜ ትዝ አላት። ከሥልጠናው በተመለሰች በሦስተኛው ሳምንት ነበር፤ ምስክር ወረቀቷ በመስታወት ተደርጎ ግድግዳው ላይ ገና መሰቀሉ ነው። ሞክ ከልሶም ከሰልፉ መሃል ቀርበው ወረቀታቸውን ዘረጉ፣ ገጹ ቀላ። «ልጄ፣ ቆጥሬ ነው እኮ የመጣሁት» አሉ። «በጣቴ ቆጥሬ።» ማዝናህ ምን አለቻቸው? ያለችው ቃል በቃል መጣላት። «ማሽን አይሳሳትም፣ ሞክ። የሚሳሳት ሰው ነው።» ከሰልፉ አንድ ሰው ሳቀ። አሮጊቷ ወረቀታቸውን ሰብስበው፦ «እንግዲህ ቀን ጠፍቶብኝ ይሆናል» ብለው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ማዝናህ ለሰው ሁሉ «ዓርብ የሚል ካያችሁ እስከ ሐሙስ ጨርሱ» ትላለች። ጣሪያው ሲያፈስ ከሥሩ ባልዲ አስቀመጠች እንጂ ቀና ብላ ቀዳዳውን አላየችም። ሃዝሪክን እስከ አሥር መቁጠር አቃተህ ብላ ሰደበችው። እሷስ? ካላንደሩ ከቁም ሳጥኑ በር ጀርባ ነበር። አሮጊቷ ቆጥሬያለሁ ሲሉ ተነሥታ ብትቆጥር አንድ ደቂቃ አይፈጅባትም ነበር።

ቁጥራቸውን ፈልጋ ደወለች። ስልኩን ያነሡት ራሳቸው ናቸው።

«ሞክ፣ ማዝናህ ነኝ። ከተላጋ ቡዲ፣ ጉዋ ሙሳንግ።»

«አውቄሻለሁ።» የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ማዝናህ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ሳታድበሰብስ፣ ሃዝሪክን መሸሸጊያ ሳታደርግ። አሮጊቷ አላቋረጧትም።

«ቤቴን ዘግቼ ነው የወጣሁት» አሉ ስትጨርስ። «በባቡር መመላለሱን ስላልቻልኩ ኩዋላ ክራይ ልጄ ዘንድ ገባሁ። ጓሮዬን ዱር በልቶታል አሉ። እሱስ ይሁን። ግን አንቺ ያን ቀን ካልሽኝ ወዲያ ጭንቅላቴ እየሄደ ነው ብዬ አመንኩ። ልጆቼም አመኑ። እማ ቀን ረስታ ወንበሯን አስበላች ይላሉ። መድኃኒቴን የምትቆጥርልኝ ልጄ ናት፤ እኔ እንዳልነካ ነው። ለብቻዬ ገበያ አልሄድም። እና አሁን፣ ያኔ ልክ ነበርኩ ነው የምትዪኝ?»

«ልክ ነበሩ።»

«በስልክ አትንገሪኝ!» ድምፃቸው ድንገት ከፍ አለ። «ስትሰድቢኝ በሰው ፊት ነው፣ አሁን በጆሮዬ ታንሾካሽኪያለሽ? ዓርብ ነዪ። ዓርብ ልጆቼ ሁሉም ቤት ናቸው። መጥተሽ ለእነሱ ንገሪያቸው።»

«እመጣለሁ፣ ሞክ።»

ሰኞ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሃዝሪክ ደወለ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም። «ቀመሩን ነክተሽዋል! ማን ፈቀደልሽ?»

«ፈቃዱን የሰጠኸኝ አንተ ነህ። ምስክር ወረቀቱም ላይ የአንተ ፊርማ ነው ያለው።»

«ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ ካክ። ኮሚቴ ፊት ትቀርቢያለሽ። ዓርብ አራት ሰዓት፣ ዋናው መሥሪያ ቤት።»

ማዝናህ ከት ብላ ሳቀች። ሳቋ ደስ አይልም ነበር። «ዓርብ ዕረፍቴ ነው፣ ኤንቼ ሃዝሪክ። ጉዳይም አለብኝ። እሑድ ከፈለጋችሁኝ ቢሮዬ አለሁ። የሰባት ሰው ስም ልኬልሃለሁ፤ ለኮሚቴው አንብብላቸው። የሚለቀቀው ወንበር ሁሉ ከነሱ እንዲጀምር እፈልጋለሁ። ቀመሩን መልሰህ ብታበላሸው ደግሞ ዝርዝሩን ለጋዜጣ ነው የማነበው።» እሷም በተራዋ ዘጋችበት። የምታሳድጋቸው ሦስት ልጆች አሏት፣ የቅጣት ደብዳቤ ደግሞ እንደሚመጣ ታውቃለች።

ዓርብ በጠዋቱ ባቡር ወደ ኩዋላ ክራይ ወረደች። ከጁምዓ ሶላት በኋላ የሞክ ከልሶም ልጅ ቤት ሳሎን ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ነበር፦ ሁለት ወንዶች ልጆች፣ ታላቋ ልጃቸው ሮዚላ፣ ምራቶች፣ የልጅ ልጆች። አሮጊቷ ግድግዳውን ተደግፈው መሃል ላይ ናቸው። ክንዳቸው በመርፌ ብዛት አባብጧል። ሻይም ውኃም ለእንግዳዋ አልቀረበም።

«እናታችሁ አልዘገዩም» አለች ማዝናህ። «በአሥረኛው ቀን፣ በትክክለኛው ቀን ነው የመጡት። ቆጣሪው ነው የተሳሳተው። ወንበሩ የእሳቸው ነበር።»

ታላቁ ወንድ ልጅ ነደደ። «አሁን ነው የምትነግሪን? ዓመት ሊሞላው! ታዲያ ወንበሩን ትመልሽዋለሽ?»

«ቀጥሎ የሚለቀቀው የእሳቸው እንዲሆን ጠይቄያለሁ። ይሰጧቸዋል ብዬ መማል ግን አልችልም።»

«አላለቀም» አሉ ሞክ ከልሶም። «ያን ቀን ያልሽኝን ንገሪያቸው።»

ሮዚላ አቀርቅራለች። ጭኗ ላይ የእናቷ የመድኃኒት ሳጥን አለ፤ ሰባት ክዳን ያለው፣ በያንዳንዱ ላይ የቀኑ ስም የተጻፈበት።

«እናታችሁ ቆጥሬ ነው የመጣሁት አሉኝ» አለች ማዝናህ። «በጣቴ ቆጥሬ አሉኝ። እኔ ሰው ፊት ማሽን አይሳሳትም፣ የሚሳሳት ሰው ነው አልኳቸው። አልቆጠርኩላቸውም። ካላንደሩ ከኋላዬ ነበር፣ ዞሬ አላየሁም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሞክ ከልሶም ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም፤ ፊታቸውን እንኳ ወደ ማዝናህ አላዞሩም። እጃቸውን ወደ ልጃቸው ዘረጉ።

«አምጪው» አሉ።

ሮዚላ ሳጥኑን ሰጠቻቸው። አሮጊቷ ዓርብ የሚለውን ክዳን ራሳቸው ከፈቱ፣ ክኒኖቹን መዳፋቸው ላይ አፍስሰው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው በድምፅ ቆጠሩና በአንድ ጉንጭ ውኃ ዋጡ። ከዚያ ሳጥኑን ከራሳቸው ጉልበት ሥር አደረጉት።